መትከሉንስ ተከልን፤ መንቀሉን ማን ይሥራው?

ረፋድ ላይ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው መንገድ ዳር የቆመ ሰው ሁለት ዓይነት ተጓዥ ሲተላለፍ ያያል። አንዱ ወደ ላይ የሚወጣው ነው፤ ቀላል ጫማ ተጫምቶ፣ የውሃ ጠርሙስ ይዞ፣ ለመሮጥ ወይም ነፋስ ለመቀበል የሚሄድ ነው። ሌላይቱ ወደ ታች የምትወርደው ናት፤ ከቁመቷ የሚረዝም የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባዋ አስራ፣ ወገቧን አጥፋ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ የምትሄድ ሴት ናት። ሁለቱም የሚሄዱት ወደ አንድ ጫካ ነው፤ ስለ ጫካው የሚያስቡት ግን አንድ አይደለም። ለሯጩ ዛፉ ጥላና መልካም ሽታ ነው፤ ለሴትዮዋ የዕለት እንጀራዋ ነው።

ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ ከእነዚህ ከሁለቱ መካከል የሚገኝ ነው። ይኸውም በጉለሌ ተራራ ላይ ባሕር ዛፉን አስወግዶ በምትኩ የአገሩን ዛፍ የመመለስ ሥራ ነው። ነገሩ ለተማሪውም ሆነ በየመሥሪያ ቤቱ ለተመደበው ወጣት ሹም ከሩቅ ሲታይ ያለቀ ይመስላል፤ ምክንያቱም የመትከሉ ወሬ በየክረምቱ ይነገራል፣ ፎቶግራፉም ይታያል። የመንቀሉ ነገር ግን ብዙም አይነሣም። እኛ በበኩላችን የምንለው፣ በጉለሌ የአገሩ ደን መመለሱን ወይም አለመመለሱን የሚወስነው የሚተከለው ችግኝ ብዛት ብቻ አይደለም ነው። ከተቆረጠው ጉቶ ላይ የሚወጣውን ቡቃያ ለዓመታት እየተመላለሰ በእጁ የሚሰብር ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ ባሕር ዛፍ እንዴት እንደ መጣ እናስታውስ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከሰየሟት በኋላ ብዙም ሳይቆይ የከተማይቱ ሰው በዛ። ቤቱ ሲሠራና እሳቱ ሲነድ በእንጦጦ ዙሪያ የነበረው ጽድና ወይራ አለቀ፤ የማገዶውም የቤቱም እንጨት ከሩቅ ይመጣ ጀመር። ዳግማዊ ምኒልክ ከዚህ የተነሣ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው፣ በዚያም ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው እንደ ነበር የታወቀ ነው። ከተማይቱን ባለችበት እንድትቀር ካደረጓት ነገሮች አንዱ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ የገባው የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ሕዝቡም ከባሕር ማዶ መምጣቱን አይቶ ባሕር ዛፍ አለው። ችግኙ በርካሽ ታደለ፤ የተከለ ሰው ከግብር ማቃለያ እንዲያገኝ ተደረገ፤ ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ አዲስ አበባ ከሩቅ ስትታይ ደን መሰለች።

ስለዚህ ባሕር ዛፍን ስንነቅፍ ባለውለታችንን እየነቀፍን መሆኑን አንርሳ። የአያቶቻችን ቤት ማገርና ወራጁ እርሱ ነው። የእንጀራ ምጣድ ያሰማው ቅጠል የእርሱ ነው። ዛሬም ፎቅ ሲሠራ ግንበኛው የሚቆምበት አጣና ከእርሱ የተገኘ ነው።

ነገር ግን በምኒልክ ዘመን ፍጻሜ እንኳ ስለ ዛፉ ሮሮ መሰማት ጀምሮ ነበር። ውሃ ያደርቃል፣ ከሥሩ ሌላ ነገር አያበቅልም ተባለ። በ1905 ዓ.ም. ገደማም ከተተከለው ባሕር ዛፍ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በስፍራው የሐር ትል የሚመገበው የእንጆሪ ዛፍ እንዲተከል ዐዋጅ ወጣ። ዐዋጁን የፈጸመው ሰው ግን እምብዛም አልተገኘም። ይህን የታሪክ ጸሐፊዎች በአንድ ሁለት መስመር ያልፉታል፤ ለእኛ ግን ዋናው ትምህርት ከዚህ ላይ ነው። ለምን አልተነቀለም? ለባለ ዛፉ አጣናው የሚሸጥ፣ ጭራሮው የሚነድ፣ የታወቀ ገንዘቡ ነበር፤ እንጆሪው ግን የማያውቀው ተስፋ ነበር። ጉቶ ቆፍሮ ለማውጣት የሚደክመው ድካምም የራሱ እንጂ የዐዋጅ አውጪው አልነበረም። ለነቃዩ ምንም ሳይሰጡ ንቀል ማለት ምን ያህል እንደሚያስኬድ ከመቶ ዓመት በላይ በሆነው በዚያ ዐዋጅ አይተነዋል።

አሁን ወደ ጉለሌ እንውጣ። በከተማይቱ ሰሜን ምዕራብ ዳር፣ ከጉለሌና ከኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተሞች በላይ የሚገኘው የጉለሌ ዕፅዋት ማእከል በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር በ2002 ዓ.ም. አካባቢ የተቋቋመ ነው። ስፋቱ ከ700 ሄክታር ይበልጣል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ጀምሮ እስከ 2,900 ሜትር በላይ ይወጣል። ቦታው ለማእከሉ ሲሰጥ አብዛኛው የባሕር ዛፍ ጫካ ነበር። ማእከሉን በዋና ዲሬክተርነት የመሩት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው፣ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በሙሉ መዝግቦ ለመጨረስ ሠላሳ ዓመት ያህል ከፈጀው ታላቅ ሥራ ዋና ዋና ሠራተኞች አንዱ ናቸው። በዚያ መዝገብ ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዓይነቶች ይገኛሉ፤ ከዐሥሩ አንዱ ያህል ከዚህ ምድር ውጭ በሌላ ዓለም የማይገኝ ነው። በመጽሐፍ የተመዘገበው ዛፍ በምድርም ላይ ቦታ እንዲኖረው ማስፈለጉ ግልጽ ነው። ለጽድ፣ ለወይራ፣ ለኮሶ፣ ለዝግባና ለአስታ ቦታ ለመስጠት ግን አስቀድሞ ቦታውን የያዘውን ማስነሣት ያስፈልጋል።

ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ጽድ ከሥሩ አጠገብ ቢቆረጥ ይሞታል፤ ነገሩ አለቀ። ባሕር ዛፍ ግን ቢቆረጥ አይሞትም። ከቅርፊቱ በታችና ከግንዱ እግር ላይ ተኝተው የሚቆዩ እምቡጦች አሉት። ግንዱ በላያቸው ቆሞ ሳለ አይነቁም፤ ግንዱ በወደቀ ጊዜ ይነቃሉ። ሥሩ ለትልቅ ዛፍ የሚበቃ ስንቅ አከማችቶ ስለ ቆየ፣ ያን ሁሉ ስንቅ ለአዲሱ ቡቃያ ይሰጠዋል። ስለዚህ ቡቃያው ከዘር ከበቀለው ችግኝ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ያድጋል። አንድ የነበረው ግንድ አምስት፣ ስምንት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ሆኖ ይወጣል። ቅጠሉም የአሮጌው ዛፍ ዓይነት አይደለም፤ ክብ፣ ሰፊና እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ነው። በሁለተኛው ዓመት ወደ ቦታው የተመለሰ ሰው የሚያገኘው የተመነጠረ መሬት ሳይሆን፣ ቀድሞ ዛፍ የነበረው ቁጥቋጦ ሆኖ፣ የተተከሉትን ችግኞች ከላይ አልብሶ ነው።

የአዲስ አበባ ባለ ዛፍ ይህን ጠባይ ከመቶ ዓመት በላይ ያውቀዋል፤ ሀብቱም ይኸው ነው። አንድ ጊዜ የተከለው ሰው በየጥቂት ዓመቱ እየቆረጠ ይሸጣል እንጂ ዳግመኛ አይተክልም። ለአጣና ነጋዴው በረከት የሆነው ጠባይ ለጽድ ተካዩ መቅሠፍት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መንገዱ ብዙ አይደለም። አንደኛው ጉቶውን ከነሥሩ ቆፍሮ ማውጣት ነው፤ ይህ በዶማና በመጥረቢያ የሚሠራ፣ ለአንድ ትልቅ ጉቶ የሰው ቀን የሚበላ ነው። ሁለተኛው ጉቶውን እንደ ተቆረጠ በመድኀኒት መቀባት ነው፤ በሌላው ዓለም ብዙ ይሠራበታል። ጉለሌ ግን ወደ አቃቂ ወንዝ የሚወርዱ ጅረቶች ራስጌ ስለሆነች፣ ከእርሷ በታች የሚኖረውን ሰው ማሰብ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ቡቃያውን መስበር ነው። ገና ለስላሳ ሳለ ከተጣበቀበት ቦታ በእጅ ገንጥሎ መጣል ነው። በማጭድ ቢቆረጥ ትርፉ ይቀርና እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ከነተረከዙ ሲገነጠል ግን እምቡጡ አብሮ ይሄዳል። ጉቶው ሌላ ያወጣል፤ ያም ይገነጠላል። ሥሩ ያከማቸውን ስንቅ እያወጣ፣ ቅጠል አጥቶ የሚተካው ምግብ ስለማያገኝ፣ ከብዙ ምልልስ በኋላ ይደክምና ይሞታል። ማሽን አይጠይቅም፣ የውጭ ምንዛሪም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሰውና ትዕግሥት ነው።

አንባቢ ምናልባት «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ዶዘር ገብቶ በአንድ ጊዜ ይግፈፈው» ይል ይሆናል። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲሁ እል ነበር። አሳቤን ያስለወጠኝ የደን ሊቃውንቶቻችን ጽሑፍ ነው። ዶክተር ፈየራ ሰንበታና ፕሮፌሰር ደመል ተከታይ ከሃያ ዓመት በፊት በመናገሻና በሙነሳ ሻሸመኔ፣ ከውጭ በመጡ ዛፎች ጥላ ሥር ምን እንደሚበቅል መርምረው ነበር። ያገኙትም ብዙ ሰው ከሚያስበው ተቃራኒ ነው። በአጠገባቸው የተፈጥሮ ደን ካለና ከብት ካልረገጣቸው፣ በእነዚያ ዛፎች ሥር የአገራችን ዛፎች ራሳቸው በቅለው ተገኙ። ወፍ ዘሩን ያመጣል፤ ጥላው ከፀሐይና ከውርጭ ይጠብቀዋል። ባሕር ዛፉ ለጽዱ ጠላቱ ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ ሞግዚቱም ነው ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ጥቅጥቅ ብሎ በተተከለበትና መሬቱ በተራቆተበት ስፍራ ይህ አይታይም፤ በጉለሌም በሁሉም ስፍራ አንድ ዓይነት አይደለም። ቢሆንም ዶዘሩ ሲገባ ከባሕር ዛፉ ጋር ከጉልበት የማይበልጠውን የጽድ፣ የወይራና የአምጃ ችግኝ ሁሉ አብሮ ይጨፈልቃል። አንዱን ከሌላው የሚለየው በቅርብ ያለ ዓይንና እጅ ብቻ ነው።

የመሬቱም አቀማመጥ ሌላ ምክንያት ነው። የእንጦጦ ሰንሰለት በአንድ ወገን ውሃውን ወደ ዓባይ፣ በሌላው ወደ አዋሽ የሚያካፍል ዳገት ነው። ክረምት ሲገባ ከዚያ የሚወርደው ጎርፍ የት እንደሚደርስ የከተማችን ነዋሪ ያውቃል። በገደላማው ስፍራ ጉቶ ከነሥሩ መንቀል አፈሩን ለሐምሌ ውሃ ፈትቶ እንደ መስጠት ነው። ስለዚህ በሜዳው ተቆፍሮ ቢነቀል፣ በዳገቱ ግን ጉቶው በቦታው ቆይቶ አፈሩን እንደ ያዘ ቡቃያው ብቻ ቢሰበር፣ ሥሩ ቀስ ብሎ ሲበሰብስ የአገሩ ችግኝ ይተካዋል። ይህን ደግሞ የሚወስነው በቢሮ ያለው ካርታ ሳይሆን በስፍራው ቆሞ የሚያየው ሠራተኛ ነው።

ጉዳዩ የጉለሌ ብቻ እንዳይመስለን ወደ ሌሎች አገሮቻችን እንይ። በአፋር በ1970ዎቹ ለበጎ አሳብ፣ በረሃ እንዲከላከል ተብሎ የተተከለው ፕሮሶፒስ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ወርሷል። የግጦሹን ሣር አጥፍቶ አርብቶ አደሩን ከአዋሽ ዳር አባርሮታል። እርሱም ከመሬት ጋር እኩል ሲቆረጥ በዝቶ ይነሣል፤ የሚሞተው ከመሬት በታች አንድ ስንዝር ያህል ተቆፍሮ ሥሩ ሲቆረጥ ነው። ስለ እርሱ አገራዊ የመከላከያ ዕቅድ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ድረስ ግን ዛፉ አርባ ዓመት ሊሞላው ቀርቦ ነበር። በሐረርጌ የወፍ ቆሎ የምንለው፣ ለአበባው ተብሎ ለአጥር የተተከለው እሾሃም ቁጥቋጦ፣ ወፎች ፍሬውን እየበሉ በየደኑ ይዘሩታል። ከብት ቅጠሉን ቢበላ ይታመማል። ይህ እኮ በአዲስ አበባም በየግቢው ለጌጥ የሚተከለው ነው!

ከሁሉ ይልቅ ግን የሚያስተምረን የጣና ነገር ነው። እንቦጭ በሐይቁ ላይ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የጎንደርና የጎጃም ገበሬ ውሃ ውስጥ እስከ ደረቱ ገብቶ በእጁ ጎትቶ አወጣው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የአንድ ወር ዘመቻ ታውጆ ብዙ ሺህ ሰው ተሰለፈ፤ ሐይቁም ብዙ ቦታ ላይ ተጠረገ። የእንቦጭ ዘር ግን በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል። ዘመቻው አልፎ ሰው ወደ እርሻው ሲመለስ እንቦጩም ተመለሰ። በዚያ የደከሙትን ገበሬዎች ድካም አናቃልልም፤ ማንም ያን ያህል አልደከመም። የጎደለው ጉልበት አይደለም። የጎደለው፣ ዘመቻው ባለቀ ማግስት፣ ከዚያም በሦስተኛው ወር፣ ከዚያም በሁለተኛው ዓመት ደመወዝ ተቆርጦለት የሚመጣው ሠራተኛ ነው።

ይህን የምንናገረው ዘመቻን ለመንቀፍ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር፣ ይህ ጸሐፊም እንደ ብዙ ወጣት ጭቃ ረግጦ ተክሏል፤ ደስታውንም አልረሳውም። ነገር ግን መትከል ለዘመቻ ይመቻል፤ ቡቃያ መስበር አይመችም። የተተከለ ይቆጠራል፤ ቁጥሩም በሪፖርት ላይ ያምራል። የተሰበረ ቡቃያ ማን ይቆጥረዋል? በሚቀጥለው ወር እንደገና ያው ጉቶ ላይ ሲሰበር፣ ሁለት ተብሎ ይጻፍ ወይስ አንድ? በየመሥሪያ ቤቱ የሥራ ዕቅድ የሚያዘጋጁ ወጣት ጓደኞቼ ይህን ጥያቄ ስጠይቃቸው ይስቃሉ። ቅጹ ላይ «የተተከለ ችግኝ ብዛት» የሚል ዓምድ አለ። «ለሦስት ዓመት ከቡቃያ ነጻ ሆኖ የቆየ መሬት» የሚል ዓምድ ግን የለም። ዓምድ የሌለው ሥራ ደግሞ ባጀት አያገኝም፤ ባጀት የሌለው ሥራም ሠራተኛ አያገኝም።

እንግዲህ ሠራተኛው ማን ይሁን? ከዚህ ላይ ወደ ጀመርንበት መንገድ እንመለስ።

ባለፈው ጥር ከሽሮ ሜዳ በላይ ሸክማቸውን ከድንጋይ ላይ አሳርፈው ከተቀመጡ አንዲት ሴት አጠገብ ተቀምጬ ነበር። በዕድሜ እናቴን ያህላሉ። «እናቴ፣ ይህ ሁሉ ባሕር ዛፍ ተነቅሎ ጽድ ቢተከልበት ምን ይላሉ?» ብዬ ጠየቅሁ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ ጽድ ቅጠሉን አያራግፍልኝም» አሉኝ። ከዚያም ሸክማቸውን እንዳነሣላቸው በእጃቸው ጠቆሙኝ። አነሣሁት፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ደን ስጽፍ ወገቤ ያስታውሰዋል።

የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ነገር አዲስ አይደለም። በአንድ ጉዞ ሠላሳና ሠላሳ አምስት ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተሸክመው ብዙ ኪሎ ሜትር እንደሚሄዱ ተጠንቷል። በየዛፉ ሥር ከዘበኛ ጋር ሲሯሯጡ ኖረዋል። በ1980ዎቹ በዓለም የሥራ ድርጅት ረዳትነት የተጀመረው ጥረት ከፊሎቹን ወደ ሽመና አዛውሯቸው፣ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚዎች የሚባል ማኅበር አቁመው ነጠላና ሻርፕ ይሠራሉ። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈትም ተራራው ሌላ መልክ ያዘ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ባሕር ዛፉ በተነቀለ ቁጥር፣ በምትኩ የተተከለው ጽድ ለሯጩ ጥላ ሆኖ፣ ለተሸካሚይቱ ግን የተዘጋ በር ይሆናል። የተዘጋባት ሰው ደግሞ በሌሊት ትገባለች፤ ያገኘችውንም ትሰብራለች። ምጣድ ለማስማት ባሕር ዛፍ ካጣች የጽድ ችግኝ ብትሰብር በእርሷ እንፈርዳለንን?

በእኛ አስተያየት፣ ያን ሥራ ለመሥራት ከእነርሱ የበለጠ የሚገባው ሰው የለም። በጉለሌና በእንጦጦ የትኛው ጉቶ በስንት ወር እንደሚያቆጠቁጥ፣ የትኛው ዳገት በክረምት እንደሚንሸራተት፣ የትኛው ቅጠል እርጥብ ሳለ እንደሚነድ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የሰበሩት ቡቃያ ደግሞ ሲደርቅ ማገዶ ነው፤ ደመወዛቸው ላይ የሚጨመር ነው። ሥራውም ሸክም አይደለም። በአንድ እጅ የሚገነጠል ነገር ነው።

ይህ ሕልም እንዳይመስል በሌላ አገር የተሠራውን እንጥቀስ። ደቡብ አፍሪካ የነጻነት መንግሥቷን ባቆመች በዓመቱ፣ ለውሃ መሥራት የሚል ስም ያለው ፕሮግራም ጀመረች። ከውጭ መጥተው ወንዞቿን የሚመጡባትን ዛፎችና ቁጥቋጦዎች፣ ባሕር ዛፉን ጨምሮ፣ በሥራ አጦች ጉልበት ማስወገድ ነው። ለሥራው ከሚቀጠሩት ብዙዎቹ ሴቶች እንዲሆኑ ታስቦ ነበር፤ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ ድሆችም ደመወዝ አግኝተዋል። ጉድለት አልነበረበትም አንልም። ከጉድለቶቹም ዋናው፣ አንድ ጊዜ የተመነጠረው ስፍራ ተከታይ ሥራ ሳይሠራበት እየቀረ እንደገና መወረሩ መሆኑን የራሳቸው ሊቃውንት ጽፈውታል። እነርሱም በዚያው ጉቶ ተሰናክለዋል ማለት ነው! ልዩነቱ እነርሱ ለጉቶው የባጀት ርእስ ማውጣታቸው ነው። ባጀት ያለው ስሕተት ደግሞ ሊታረም ይችላል።

የሚቃወም ሰው «ለቡቃያ ሰባሪ ደመወዝ የሚከፍል ገንዘብ ከየት ይመጣል?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘቡ በከፊል ከራሱ ከባሕር ዛፉ ይምጣ። ከጉለሌ የሚቆረጠው ግንድ አጣናና ጣውላ ሆኖ ይሸጣል፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። ከዚያ ሽያጭ ውስጥ የተወሰነው እጅ፣ የተቆረጠበት ስፍራ ላይ ለሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ቡቃያ ለሚሰብሩት ሠራተኞች ተለይቶ እንዲቀመጥ በደንብ ቢጻፍ፣ መቁረጡና መከታተሉ አንድ ሥራ ይሆናሉ። ለመከታተያው ገንዘብ ያልተመደበለት ስፍራ ደግሞ ከመጀመሪያው አይቆረጥ፤ ዛፉ ቆሞ ቢጠብቅ ይሻላል። ትልቁ ዛፍ ቢያንስ ጥላ ይሰጣል፤ ቁጥቋጦው ግን የሚሰጠው ነገር የለም።

ሌላው ተቃውሞ ከወጣቱ በኩል ይመጣል፤ እርሱም በአፍ ሳይሆን በልብ የሚባል ነው። በዲግሪ ተመርቆ ቡቃያ መስበር እንዴት ይሆናል የሚል ነው። ይህን ጸሐፊ ራሱን ስለሚነካው ጥቂት ይናገርበት።

ከጉለሌ ግርጌ የአንድ ጓደኛዬ አያት ግቢ አለ። በጓሮው የባሕር ዛፍ ጉቶዎች ሞልተዋል። አያትየው ከሁለት ዓመት በፊት አስቆርጠው ሸጠዋቸው ነበር፤ አሁን ጓሮው ሰው የማያሳልፍ ቁጥቋጦ ሆኗል። በየካቲት አንድ ቅዳሜ ሦስት ሆነን፣ ሦስታችንም የዩኒቨርሲቲ ምሩቆች፣ ልንሰብረው ሄድን። ጧት በሁለት ሰዓት ጀምረን እስከ ምሳ ድረስ ያጸዳነው የጓሮውን አንድ ጥግ ነው። ወፍራሙ ቡቃያ አልገነጠል ብሎ በመጥረቢያ ሆነ፤ ቀጭኑ ግን በቀላሉ ተላቀቀ። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር አለ፤ በሁለት ወሩ ቢመጡበት ኖሮ ሁሉም ቀጭን በሆነ ነበር። ከቁጥቋጦው ሥር ማንም ያልተከላቸው ሁለት የወይራ ችግኞችና አንዲት ቀጋ አገኘን። አያትየው ከበረንዳ ሆነው፣ «እናንተ ልጆች፣ ይኸን እኮ በመጀመሪያው ክረምት ነበር» ብለው ሳቁብን፤ ምሳም አበሉን። የእጄ መዳፍ ውሃ ቋጥሮ ሰኞ ቢሮ ብዕር መያዝ አቃተኝ።

በሚያዝያ ልንመለስ ተቀጣጥረናል። ከመካከላችን አንዱ ባለፈው ሳምንት ወደ ጠቅላይ ሥራው አገር ተዛውሮ ሄዷል፤ እንግዲህ የምንሄደው ሁለታችን ነን።